እንዝርቷ ወደቀች ወይስ አልወደቀችም?

ጓደኛሞችን የሚያጣላ ነገር ሞልቷል፤ ብድር አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ አርሰናልና ማንቼ አሉ። እኛን ለዓመታት ያጣላችን ግን ጣት የምታክል የብረት እሽክርክሪት ናት። "ኢንሴፕሽን" የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ስለ ምን እንደምናወራ ወዲያው ይገባዋል። ያላየ ደግሞ መጨረሻውን ልንነግረው ስለሆነ ከወዲሁ ይቅር ይበለን። (ፊልሙ ከወጣ 15 ዓመት አልፎታል፤ ከዚህ በላይ ምስጢር መጠበቅ አንችልም።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ክሪስቶፈር ኖላን ጽፎ ያዘጋጀውና በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው ይህ ፊልም የሕልም ሌቦች ታሪክ ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሚጫወተው ኮብ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ሕልሙ ውስጥ እየገባ ምስጢር ይሰርቃል። በሚስቱ በማል ሞት ተጠርጥሮ ከአሜሪካ ስለሸሸ ሁለት ልጆቹን ማየት አይችልም። ሳይቶ የተባለ ባለሀብት አንድ ሥራ ያመጣለታል፤ በዚህኛው ሐሳብ መስረቅ የለም፤ ሰው ሕልም ውስጥ ሐሳብ መትከል ነው። ከተሳካ ክሱ ይሰረዝለታል፣ አገሩ ይገባል።

ሥራው በሕልም ውስጥ ሕልም፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕልም እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የአምስት ደቂቃ እንቅልፍ ሕልም ውስጥ አንድ ሰዓት ነው፤ ከታች ባሉት ሕልሞች ደግሞ ዓመታት ይሆናል። ሰውየው ሕልሙና እውኑ እንዳይምታታበት እሽክርክሪቷን ጠረጴዛ ላይ ያሾራታል። ከወደቀች ነቅቷል፤ ሳትወድቅ ከቀጠለች ገና ተኝቷል።

መጨረሻው ላይ ኮብ ቤቱ ይደርሳል። እሽክርክሪቷን ያሾራታል፤ ልጆቹ ዞር ብለው ፊታቸውን ሲያሳዩት ግን ትቷት ወደ እነሱ ይሄዳል። ካሜራው ወደ እሷ ይመለሳል። ትሾራለች… ትንሽ የተንገዳገደች ትመስላለች… ጨለማ። አለቀ! እኛ አገር ስክሪን የሚጨልመው በጥበብ ስላልሆነ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ስናየው ከኋላችን የተቀመጠው ልጅ "መብራት ሄደ!" ብሎ በቁጭት ጮኾ ነበር።

ሁለቱ ጎራዎች

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስታችን ለሁለት ተከፈልን፤ "ነቅቷል" ባዮችና "ተኝቷል" ባዮች።

ነቅቷል ባዮች ማስረጃ አያጡም። ኮብ ሕልም ውስጥ ሲሆን ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ፣ እውን ዓለም ውስጥ የለም፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀለበቱ አይታይም ይላሉ። ልጆቹም በሕልሙ ከሚያያቸው ከፍ ያሉ ናቸው፤ ለሁለቱ ዕድሜ የተለያዩ ሕፃናት እንደተጫወቱ የፊልሙ የተዋንያን ዝርዝር ይመሰክራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የኮብን አማት የተጫወተው ማይክል ኬን ሌላ ጥይት አቀበላቸው። ድርሰቱ ግራ ቢያጋባው ኖላንን "የትኛው ነው ሕልሙ?" ብሎ እንደጠየቀውና ኖላንም "አንተ ያለህበት ትዕይንት እውን ነው" እንዳለው ተናገረ። ኬን ደግሞ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አለ።

ተኝቷል ባዮች በዚህ አይበገሩም። እሽክርክሪቷ መጀመሪያውኑ የሚስቱ የማል እንጂ የእሱ አይደለችም፤ በሰው መለኪያ የሚለካ ሰው ምኑ ይታመናል ይላሉ። ደግሞስ ልጆቹ ሕልሙ ውስጥ እንደሚያያቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እዚያው ቦታ፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ይጠብቁታል? ይህ ቤት መግባት ሳይሆን ምኞት ነው።

የዚህኛው ጎራ አለቃ የመንዙ ጓደኛችን ነበር። "መፈተሽ ያቆመ ሰው አብቅቶለታል" ይል ነበር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ለአንድ የአሜሪካ ፊልም ይህን ያህል ምን አንገበገበው እያልን እንስቅበት ነበር።

ክርክሩ መንዝ ሲገባ

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ይኸው ጓደኛችን እናቱ ቤት፣ መሐል ሜዳ ወሰደን። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ውርጭ ደግሞ እንግዳ ነው ብሎ አይምርም። ባና ተከናንበን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ፊልም ለስንተኛ ጊዜ ከፈትነው።

መንዝ ለሁለት ፍቺ ነገር ባዕድ አይደለችም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. "ሰምና ወርቅ" የሚል መጽሐፍ ሲያሳትም በቅርብ ካጠናቸው ሰዎች መካከል የመንዝ ገበሬዎች ነበሩ። አማራ ንግግሩን ሁለት ፊት የሚሰጠው ለውበት ብቻ አይደለም ይላል፤ ለቀልድም፣ ሰውን ሸንቆጥ ለማድረግም፣ ገመናን ለመሸፈንም፣ ባለሥልጣንን ሳይያዙ ለመተቸትም ነው። ስለዚህ አንዳችን "በቃ! የፊልሙ መጨረሻ ሰምና ወርቅ ነው፤ ኖላን ሳያውቀው የመንዝ ልጅ ነው" ብሎ ክርክሩን ሊዘጋው ሞከረ።

ትንሽ ቅኔ ቤት የቆየው ጓደኛችን ግን አላስጨረሰውም። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። ቅኔም እንዲሁ ነው። ሰሚው ቢደናገርም ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል። "እዚህ ግን ወርቁ የታለ? ሰውየው ሰሙን አቅልጦ ባዶ ጭቃ ነው የሰጠን" አለ። ልክ ነበር። ይኼ ቅኔ ሳይሆን ሕልም ነው፤ የሕልም ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው።

እማማ

የጓደኛችን እናት ምድጃው ዳር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ፊልሙን ከእኛ ጋር ሲያዩ አምሽተዋል፤ ቋንቋውን ባይሰሙም ነገሩ አላመለጣቸውም። ስክሪኑ ሲጨልም ጠየቁን።

"ልጆቹን አገኛቸው?"

"እሱ ነው እማማ የሚያከራክረን።"

"ምን ያከራክራል? አያችሁት፣ አቀፋቸው እኮ።"

"ሕልም ከሆነስ? ያቺ የምትሾረው ካልወደቀች ሕልም ነው።"

እንዝርታቸውን አየት አደረጉና "ልጆቼ፣ ሲፈትል እንዝርቱን የሚያይ ሰው አላውቅም። የሚታየው ፈትሉ ነው። ፈትሉ ከተበጠሰ እንዝርቱ ቢሾር ምን ይረባል?" አሉ።

ጓደኛችን ተነሥቶ ወጣ።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሙ በ2008 ዓ.ም. ወደ ሳውዲ ብሎ ወጥቷል። የመጨረሻው ስልክ የመጣው ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ነው፤ "ዛሬ ማታ ጀልባ አለ" የሚል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እማማ ግን በሕልማቸው ያዩታል። ጠዋት ቡና ላይ ሲናገሩም "አለምኩት" አይሉም፤ "አየሁት" ነው የሚሉት። ጎረቤት ሁሉ "ደግ ነው" ብሎ ይፈታላቸዋል። ዘመድ ደግሞ በየጓዳው መርዶ ይነገር፣ ለቅሶ እንቀመጥ ማለት ጀምሯል። ሞተ የሚል ምስክር የለም፤ አለ የሚልም የለም። እንዝርቷ ወደቀች ብሎ የሚነግር ሰው በሌለበት የትኛው ነው ጭካኔ? ለቅሶው ነው ወይስ ቡናው ላይ "ደግ ነው" ማለቱ?

የጓደኛችን ፍርሃት እናቱ ሕልሙ በቅቷቸው እንዳይቀር ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሞምባሳ ከተማ (የተቀረጸው ግን ሞሮኮ፣ ታንጂር ነው) አንድ ምድር ቤት አለ፤ ሰዎች በየቀኑ እየመጡ ተደርድረው ይተኛሉ፤ ኑሯቸው እዚያ ሕልም ውስጥ ነው። እናቱን እዚያ መካከል ያያቸው ነበር።

እኛ ግን በማግስቱ ሌላ ነገር አየን። እማማ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጁን ፎቶ ይዘው ወጡ። ከሳውዲ የተመለሰች ልጅ ለበዓል መጥታለች ሲባል ሰምተው ነው። ማን ነገራችሁ፣ ማንን ልጠይቅ፣ ከማን ጋር ነበር የተሻገረችው… ከመንገድ ተመላሽ ሁሉ ቤት ሄደዋል። እሳቸውን ሕልሙ አላስተኛቸውም፤ በየጠዋቱ የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። ፈትሉ ያሉት ይኼ ነው፤ ሕልሙ በማግስቱ የሚያሠራህ ነገር። (በነገራችን ላይ ፊልሙ ውስጥ የሕልሙን ከተማ የምትነድፈው ልጅ ስሟ አሪያድኒ ነው። በግሪኮች ተረት አሪያድኒ፣ ጀግናው ከማይወጡበት ቤት እንዲወጣ የፈትል ክር የሰጠችው ናት።)

እንግዲህ የኛ ፍቺ

ኖላን ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ሲናገር ስለዚህ መጨረሻ አንሥቶ ነበር። ኮብ ከልጆቹ ጋር ስለሆነ እሽክርክሪቷ ከእንግዲህ አታስጨንቀውም አለ። በዚያው ንግግር ደግሞ ተመራቂዎቹን ሕልማችሁን ብቻ አታሳድዱ፣ እውኑን አክብሩ ብሎ መከረ። ይጋጫል ብለን ብዙ ተከራከርን።

መልሱን ያመጣው ጓደኛችን ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ቆመን። "ኮብ መፈተሽ የተወው ስላቀፋቸው ነው። ያላቀፈ ሰው አይተውም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ተኝቷል" ብሎ ሲከራከር አልሰማነውም። "ነቅቷል"ም አላለም።

እኛም እዚህ ላይ ቆመናል። ያቀፈ ሰው እንዝርቷን ትቶ ይሂድ፣ መብቱ ነው፤ ማንም ካሜራውን መልሶ አያስጨንቀው። እጁ ባዶ የሆነ ሰው ግን በየጠዋቱ ያሹራት። ወደቀች፣ አልወደቀችም ብሎ የሚፈርድለት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የኛ ድርሻ ሲጠይቁን አብረን መጠየቅ ነው።

እዚያ ቤት እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡም። ስልክም አልተደወለም።

እናንተስ? ወደቀች ነው የምትሉት ወይስ አልወደቀችም? ከመመለሳችሁ በፊት ግን የምትጠብቁት ሰው እንዳለ ለራሳችሁ ጠይቁ፤ መልሳችሁ የሚመጣው ከዚያ ነው።