ከኮሎምበስ በፊት የነበረው ወጥ

ሐኪሙ ለእናቴ ጽፎ የሰጣት የክልከላ ወረቀት በርበሬ ብሎ ይጀምርና ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቅቤ፣ ጥብስ፣ ቡና እያለ ወርዶ ቸኮሌት ላይ ያበቃል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ እስከ ታች ድረስ አነበበችውና "ቸኮሌቱን እተዋለሁ" አለች። በዕድሜዋ ቸኮሌት ገዝታ አታውቅም።

የነገሩ ክብደት እንዲገባችሁ ሴትዮዋን ማወቅ አለባችሁ። እናቴ የሰፈራችን የበርበሬ ዳኛ ናት። ዛላውን ሰበር አድርጋ፣ አሽትታ፣ ይሄ የማረቆ ነው፣ ይሄ የአላባ ነው፣ ይሄ ደግሞ ያምናው ከዘንድሮው ተቀላቅሏል ብላ ትፈርዳለች፤ ተከራክሮ የረታት ነጋዴ አላየሁም። በርበሬዋን ራሷ ቀንጥሳ፣ ከነቅመሙ ደልዛ፣ አስጥታ ወፍጮ ቤት ስትወስድም ትታው አትመጣም። ከሰው በርበሬ እንዳይደባለቅባት ወፍጮው ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ወረፋ የያዘው ሁሉ እያነጠሰና ዓይኑን እያሸ ወደ ውጭ ሲሸሽ እሷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ባለወፍጮውን "አልላመም፣ ድገመው" ትለዋለች። በርበሬ ተዪ የተባለችው እንግዲህ ይህች ሴት ናት።

ሕመሟ ቃር ነው። ማታ ማታ ደረቷን እያቃጠላት፣ ጎምዛዛ ነገር ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣባት ቁጭ ብላ ስታነጋ "ጨጓራዬ ተነሣ" ስትል ኖራለች። እኛ አገር ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። በኤንዶስኮፒ ሲታይ ግን ጨጓራዋ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ የላላው በሩ ነው። የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ቀለበት መሳይ ጡንቻ ምግቡን ካሳለፈ በኋላ መዝጋት ሲገባው ያለጊዜው እየተከፈተ አሲዱን ወደ ላይ ይለቀዋል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ሽፋን ተፈጥሮለታል፤ ቧንቧው ግን እንደዚያ ያለ መከላከያ የለውም።

እኅቶቼ አገር ውስጥ ስለሌሉ ወጥ የመሥራቱ ዕጣ ለእኔ ወጣ። እናቴ በዚህ ደስ ይበላት ይክፋት አልታወቀም፤ ብቻ ዱካዋን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቀምጣ ሥራዬን መመርመር ጀመረች። ጠያቂም ይጎርፍ ነበር። አንዱ "ወተት ብቻ ትጠጣ" ይላል፣ ሌላዋ ተልባ ዘፍዝፋ ይዛ ትመጣለች፣ ሦስተኛው ድንች ቅቅል ያዛል። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፦ ለሆድ የሚስማማ ነገር መጣፈጥ የለበትም።

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ የማወቅ አባዜ ያዘኝ። የኛው የአራስና የበሽተኛ ቤት ወግ እንዳለ ሆኖ፣ በሐኪም ወረቀት ላይ የሚታተመው ክልከላ ግን ሌላ የዘር ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1822 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር አካባቢ ባለችው የማኪናክ ደሴት፣ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ተቀጣሪ በስሕተት በተተኮሰ ጠመንጃ ሆዱን ተመታ። የጦር ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት ነፍሱን አተረፈው፤ የጨጓራው ቀዳዳ ግን ሳይገጥም ቀረ። ቦሞንት ዕድሉን አላሳለፈውም። ሥጋውን፣ ዳቦውን፣ ጎመኑን በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ያስገባል፣ ከሰዓታት በኋላ እየጎተተ አውጥቶ ያያል፣ ይመዘግባል። በዚህ ዓይነት ከ200 በላይ ሙከራ አድርጎ በ1833 መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ መደምደሚያ ላይ ከዘረዘራቸው ነጥቦች አንዱ የሚያነቃቁ ቅመሞች ለጤነኛ ጨጓራ ጎጂ ናቸው ይላል። የእናቴ ድስት በአንድ ካናዳዊ ሆድ ቀዳዳ በኩል ተፈረደበት ብል ሳላጋንን አልቀርም፤ ግን ፍርዱ ሲወርድ ሲዋረድ መምጣቱን አልጠራጠርም። ሰውየው፣ ለነገሩ፣ ሐኪሙን ቀብሮ እስከ 1880 ኖሯል።

ወተቱም ባለቤት አለው። በ1915 በርትራም ሲፒ የተባለ የቺካጎ ሐኪም የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው በየሰዓቱ ወተትና ክሬም እንዲጋት፣ በመሐሉም አሲድ የሚያበርድ ዱቄት እንዲወስድ አዘዘ። ዓለም ይህን ለአሥርት ዓመታት ሲከተል ኖረ። በኋላ ሲጠና ወተት ለጊዜው አብርዶ ጨጓራውን ሌላ አሲድ እንዲያመነጭ እንደሚቀሰቅሰው ታወቀ። ለጠያቂዎቻችን ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ወተቱን ግን ማምጣት አላቆሙም፤ እኔም መጠጣት አላቆምኩም።

የክልከላውን ዘር ካገኘሁ በኋላ የተከለከለውን ዘር መፈለግ ቀረ። እሱ ደግሞ ቀላል ነው። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ሳይሻገር በፊት በኢትዮጵያም፣ በህንድም፣ በጣሊያንም አንድ ዛላ በርበሬ አልነበረም። ቲማቲሙም እንዲሁ። ድንቹማ በጣም የዘገየ እንግዳ ነው፤ ያመጣልን ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 ነው ይባላል። በሌላ አነጋገር ያ ሁሉ የላሊበላ ዐለት ሲፈለፈል አንድም ሠራተኛ በበርበሬ የቀላ ወጥ አልበላም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያን ሁሉ ዘመን ነግሠው በ1468 ሲያርፉ የበርበሬን ጣዕም አያውቁትም።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

"ታዲያ ላሊበላ ምን በላ?" አለችኝ።

"አልጫ ነዋ።"

"ለዚህ ነዋ መላእክት ያገዙት፤ አቅም አንሶት!" ብላ ወዲያው አማተበች።

ለእኔ ግን መንገዱ የታየኝ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሥራዬ ሁሉ ማስመሰል ነበር። ለምሳሌ ስጎ። ፓስታ ያለ ስጎ አይሆንምና፣ ካሮትና ዱባ ቀቅዬ፣ ቀይ ሥር ለቀለም ጨምሬ፣ ፈጭቼ፣ በበሶብላ አሽትቼ አቀረብኩላት። መልኩ ያስጎመጃል። እናቴ ቅላቱን ስታይ ፊቷ በራ፤ አንድ ጉርሻ ቀመሰችና ሹካዋን አስቀምጣ "ቀለም ነው" አለች። ልክ ናት። ቲማቲም ቅላት ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣነቱ ነው ስጎውን ስጎ የሚያደርገው፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ነው ለቃር የማይሆነው። ቀይ መስሎ የቀረበ ነገር ሁሉ ምላስን ተስፋ ሰጥቶ ይከዳል። አልጫ ግን የማንም ምትክ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ቀይ ወጥ ነው ኋላ የመጣው።

አልጫን ያስናቅነው እኛው ነን። ለሕፃንና ለአልጋ ቁራኛ ነው ብለን ድንችና ጨው አድርገን እንቀቅለዋለን፣ ከዚያ ጣዕም የለውም ብለን እናማዋለን። ያንኑ ያህል ግፍ ቢፈጸምበት ዶሮ ወጥም አይጣፍጥም። የወጥ ጣዕም ከበርበሬው በፊት ቁሌቱ ላይ ነው የሚበጀው፤ ቁሌቱ ደግሞ በኛ ሙያ ዘይት ሳይነካው፣ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ መብሰሉ ለቃረኛ የተፈጠረ ያስመስለዋል። ጡንቻውን ከሚያላሉት አንዱ ቅባት ነውና።

ችግሩ ሽንኩርቱ ራሱ ነው። ጥሬው እናቴን ክፉኛ ይነሣባታል፤ የበሰለውም ሲበዛ አይተዋትም። ስለዚህ በባሮ ሽንኩርት፣ ያውም በአረንጓዴው ወገን፣ ተካሁት። ስስ አድርጌ ከትፌ፣ ከተፋቀ ካሮት ጋር ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ደረቁን እጥለዋለሁ። መጀመሪያ ይጮኻል። ከዚያ ላቡን ያወጣና ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው መጠንቀቅ፤ ሥሩ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርጎ በማማሰያ ፍቆ ማንሣት፣ እንደገና እስኪይዝ መጠበቅ፣ እንደገና ጠብ። ድስቱ ሥር የሚይዘው ያ ቡናማ ነገር ነው ወጡን ወጥ የሚያሰኘው። ጋዝ ሲያልቅ የሚያስደነግጥ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይበላል፤ ግን ካሮቱ ቀልጦ ጠፍቶ፣ መልኩ ወርቅ መስሎ፣ ሽታው ወደ ጣፋጭ ሲዞር እናቴ ከዱካዋ ሳትነሣ "አሁን" ትለኛለች። በዓይኗ አታየውም፤ ከአፍንጫዋ ግን አያመልጥም።

ከዚያ እርድ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ቀድሞ ተቀቅሎ የላመ የአተር ክክ። ክኩ ግማሹ ተፈጭቶ መረቁን ያወፍረዋል፣ ግማሹ ለጥርስ ይቀራል። ዋናው ብልሃት ቅመሙ ላይ ነው። ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ እኛ ቤት የሚታወቁት በቅቤ ማንጠሪያ ውስጥ ነው፤ ሽታቸውን ቅቤው ይዞላቸው ይኖራል። ቅቤው ሲቀነስ እነሱም አብረው ሄዱ። እኔ በሻሽ ቋጥሬ መረቁ ውስጥ እነክራቸዋለሁ፤ ሽታቸውን ለቀው ቋጠሮው ይወጣል። ቅቤ በጭራሽ አይገባም ማለት አይደለም። ቁሌቱ ላይ ጭልፋ ሙሉ ከማፍሰስ፣ ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ አንዲት የሻይ ማንኪያ ላዩ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ሽታው ቀድሞ አፍንጫ ላይ ስለሚደርስ ሰው የበዛ ይመስለዋል። በጾም ቀን የሱፍ ወተት ይተካዋል፤ ሱፉን ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ አጥልሎ። እንጀራውም አፍለኛ ይሆናል፤ የኮመጠጠው ለሰው።

ታሪክ መንገር ግን ዕዳ አለው። አንድ ቀን እናቴ ከቅመም ሳጥኗ ጥምዝ አውጥታ "ይሄ ከኮሎምበስ በፊት ነበር አላልክም?" አለችኝ። ነበር። የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ተክል ነው፣ ከበርበሬ በፊት የሚያቃጥለን እሱና ቁንዶ በርበሬ ነበሩ። ነገር ግን ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1997 እንዳሳየው፣ ነርቮቻችን ላይ የበርበሬን ማቃጠል የሚቀበል አንድ በር አለ፤ ይኸው በር 43 ዲግሪ ገደማ ለሚደርስ ሙቀትም፣ ለአሲድም ይከፈታል። በርበሬ "ያቃጥላል" የምንለው ምሳሌ አይደለም፤ ለነርቩ እሳትም፣ ሚጥሚጣም፣ ወደ ላይ የተመለሰ አሲድም አንድ ቋንቋ ናቸው። ለዚህ ሥራ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የቁንዶ በርበሬ ማቃጠያም ያንኑ በር ያንኳኳል፣ የጥምዙም ዘመዱ ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ እናቴ "እና ኖቤል የሸለሙት ያቃጥላል ብሎ ነው?" አለች። አዎ፣ ሲጠቃለል።

በስምምነት አንዲት ፍሬ ጥምዝ ተወቅጣ ገባች፤ ሌሊቱም በሰላም አለፈ። ሐኪሙን ብጠይቀው አልተገረመም። ዝርዝሩ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፣ አንዱን የሚያቃጥለው ሌላውን አይነካውም፣ አንድ በአንድ እየሞከራችሁ እዩ አለኝ። በ2022 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች መመሪያም ምግብ እየለዩ ስለመከልከል ያለው ማስረጃ ደካማ መሆኑን አይሸሽግም፤ ይልቅ ክብደት መቀነሱን፣ ከመኝታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀድሞ መብላቱን፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረጉን ይመክራል። ያን ሁሉ ቅመም የዘረዘረው ወረቀት፣ እናቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ዜናው ካለቀ በኋላ በልታ ወዲያው እንደምትተኛ የሚጠይቅ አንድ መስመር አልነበረበትም። አሁን እራት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የአልጋዋ ራስጌ ሥር ጣውላ ገብቷል። በርበሬ ከመተው ይልቅ ያስቸገራት የመጀመሪያው ነው፤ "የዶሮ ሰዓት" ትለዋለች።

ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን ባለቤቷን ቃር ጀምሮት ልትጠይቅ መጣች። እናቴ ዱካውን ለእንግዳዋ ለቃ፣ እሷ ቆማ፣ ቁሌቱን ከነጠብታው፣ የቅመሙን ቋጠሮ፣ የመጨረሻዋን የቅቤ ማንኪያ ሳታዛንፍ አስተማረቻት። የእኔን ስም አላነሣችም፤ ቦሞንትም ሲፒም አልተጠሩም። "የጥንት ሙያ ነው፣ ከአያቴ ነው ያየሁት" አለች። ሴትየዋ አመስግና ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አከለችላት፦ "እሱ ሲሻለው ደግሞ ነይ፣ የዘንድሮ በርበሬ አለልሽ።"