የቮልሳችን ጠረን

አባቴ ሲያርፍ ለእናቴና ለእኔ ከተወልን ንብረት ሁሉ ጎልታ የምትታየው በግቢያችን ጥግ የቆመችው ቮልስ ናት። የ1963 ዓ.ም. ሥሪት ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደ ነበር አባቴ ደጋግሞ ያወራ ነበር፤ ወሬውን የሚጨርሰውም ሁልጊዜ የራሱን ቮልስ ጣሪያ መታ መታ እያደረገ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን አስነሥቶ፣ መስኮቷን ዘግቶ፣ ጋዜጣውን እያነበበ እስክትሞቅ ይጠብቃታል። ወደ ቤት ሲመለስ ካፖርቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እኔም በልጅነቴ ያንን ሽታ የአባቴ የገዛ ጠረን አድርጌ ያዝኩት። ካረፈ በኋላ «ጠረንህ» የሚል ግጥም ጻፍኩ። ወዳጆቼ ወደዱት፤ እኔም ወደድኩት።

ዛሬ የምጽፈው ያ ግጥም ስለ ተሳሳተበት ነገር ነው።

እሑድ እሑድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በዚህችው ቮልስ ነው። ክረምት ሲሆን መስኮት እንዘጋለን። መኪናዋ ስትሮጥ ደህና ናት። መብራት ይዞን ስንቆም ግን፣ ሞተሯ በሚኒሞ እየተንደቀደቀ ሳለ፣ ሽታው ከኋላችን ተነሥቶ ውስጡን ይሞላዋል፤ ዓይን ያስለቅሳል። እኔ በሆዴ «አባቴ መጣ» እላለሁ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። በፍልሰታ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ «ልጄ፣ ራሴን ያዞረኛል» አለችኝ። ጾሙ ነው ብዬ አለፍኩት። ጾሙ ተፈታ፤ የእናቴ ራስ ምታት ግን አልተፈታም። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ፣ «ልክ እንደ ከሰል ነው የሚያዞረኝ» አለች።

ከሰል የሚለው ቃል አስደነገጠኝ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በአገራችን የማያውቅ የለም። በር ዘግተው ከከሰል ጋር የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩበትን ታሪክ ሁላችንም ከየሰፈራችን ሰምተናል። እኔ ግን የግጥሜን ጠረን ከዚያ ጭስ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ እንደ ወጣሁ አባቴ ወደሚያምናቸው አዛውንት ሜካኒክ ወሰድኳት። ካቻቢቴ ከማንሣታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

«የሚሸተው ስትነሣ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀችም በኋላ?»

«ከሞቀችም በኋላ ነው ጋሼ፤ በቆመችበት።»

«ጭሱስ?»

«ጠቆር ይላል።»

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ግን ቤንዚን መብዛቱን እንደሚናገር ነገሩኝ። ከዚያም አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው በመዳፋቸው ላይ ደረደሯቸው። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ቡናማ መሆን ሲገባው፣ የእኛዎቹ አራቱም እንደ ምድጃ ጥላሸት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር ኖሮ ጥፋቱን በዚያ ሲሊንደር ይፈልጉት ነበር። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ግን ጥፋቱ አራቱም ከሚጠጡበት ምንጭ ነው፤ ካርቡራቶሩ ጋ።

ነገሩ ሒሳብ ነው። 1 ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ የቤንዚኑ አንድ ክፍል ሳይቃጠል በማርሚታ ይወጣል፤ የሚሸተን እርሱ ነው። ሌላው ክፍል በግማሽ ይቃጠልና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ የከሰሉ መርዝ ማለት ነው። ይህኛው ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን የሚጓዝበትን ወንበር ይይዝበታል፤ አጥብቆ በመያዝም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቀለሉት፦ «የሚሸትህ አይገድልህም፤ የሚገድልህ አይሸትህም፤ ግን አብረው ነው የሚሄዱት።»

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል።

የአየር ማጣሪያውን አንሥተው በካርቡራቶሩ አፍ ውስጥ አሳዩኝ። ቾኩ፣ ያቺ ለቀዝቃዛ ጠዋት ብቻ የምትዘጋው ክዳን፣ ሞተሩ እንዲያ ግሎ ሳለ ገና በግማሽ እንደ ተዘጋች ነበረች። ክዳኗን የሚከፍታት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥምዝ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ሲሞቅ ይፈታታል፣ ክዳኗም ትከፈታለች። ኤሌክትሪክ የሚያደርስለትን ገመድ በጣታቸው ተከተሉት። ገመዱ ተነቅሎ፣ ጫፉ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ከሌላ ገመድ ጋር ታስሮ ተገኘ።

ፕላስተሩን አወቅሁት። አባቴ ለሁሉ ነገር ፕላስተር ነበር የሚጠቀመው፤ ለመነጽሩ እጀታ፣ ለሬዲዮው ክዳን፣ ለእኔ ጉልበት። የገመዱ ልባስ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ እሳት እንዳያነሣ ለጊዜው ነቅሎ ጠቅልሎታል። ለጊዜው የተደረገው ሳይመለሱበት ቀረ።

ሽማግሌው በዚህ አላቆሙም። ቾኩ ተከፍቶም ሞተሯ በሚኒሞ ስትዞር ቤንዚን በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ጠብ ጠብ ይል ነበር። በውስጡ እንደ ውሃ ታንከር ኳስ የምትንሳፈፍ ነገር አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን በመርፌ ትዘጋለች። መርፌዋ ተበልታ አልዘጋ ብላለች። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ እኅት ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነውና፣ መርፌዋን ያገኙላት ከአንዲት ከሞተች ቮልስ ነው። ጭሱ ወደ እናቴ የሚደርስበትንም መንገድ አገኙት። በማርሚታው መጋጠሚያ ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ነበር፤ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ጭሱን ወደ ሞተሩ ክፍል ያሾልከዋል። ቮልስ ደግሞ ተሳፋሪዋን የምታሞቀው ከዚያው ክፍል በምትስበው አየር ነው። የማሞቂያው መዝጊያም በደንብ አይገጥምም ነበር። ሁሉንም አደሱ። በመጨረሻም የሚኒሞዋን ብሎን ሞተሯ እስክትንገዳገድ አጠበቁ፣ እስክትረጋ ድረስ መልሰው አላሉ። ማርሚታው ጭሱን አቆመ።

አንድ ጥያቄ አፌ ላይ ነበረች። አባቴ በእነዚያ ዓመታት ጠዋት ከመኪናው ሲወርድ ግንባሩን ይይዝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ገመድ ከተነቀለ ስንት ዓመቱ ይሆን?» አልኳቸው። ፕላስተሩን አገላብጠው አዩት፤ ደርቆ እንደ ቅጠል ይሰባበራል። «አባትህ ጠንቃቃ ሰው ነበር» ብለው ዝም አሉ። መልሱ ይህ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አልደገምኩም።

በማግሥቱ እሑድ እናቴን ይዤ ወጣሁ። መብራቱ ያዘን። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ሞተሯ ትንደቀደቃለች፤ ከእናቴ ነጠላ የዕጣን ሽታ ብቻ ይመጣል። እናቴም ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን አባቴ ከመኪናው የወረደ መሰለኝና ወደ ኋላ ወንበር ዞሬ አየሁ።

ማታ ግጥሙን አወጣሁት። «በጠረንህ እኖራለሁ» የሚል ስንኝ ነበረው፤ ሰረዝኩት። በምትኩ እስካሁን ምንም አልጻፍኩም። ፕላስተሩ ግን ከግጥሙ ወረቀት ጋር በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ቆማ ስትሸታችሁ መስኮቱን ክፈቱ፤ ከዚያ ደግሞ ሜካኒክ ጋ ውሰዷት። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ራሴን አመመኝ ሲላችሁም፣ በጾሙ አታመካኙ።