ያላነሣሁት ክብደት

የድሬዳዋ ፀሐይ ሰነፉንም ትጉሁንም እኩል ታቃጥላለች። ስለዚህ በዚህ ከተማ ሰውነቱን በስፖርት ማጠንከር የሚፈልግ ሰው ወይ ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ ወይም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ መታገሥ አለበት። እኔ ጎሕ ሲቀድ ከሚነሡት ወገን ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ወዲህም በጠዋቱ በከዚራ ዛፎች ሥር አልፌ ወደ አንዲት ትንሽ ጂም መሄድን ልማድ አድርጌዋለሁ።

ጂሟ የቅንጦት ስፍራ አይደለችም። ከፋብሪካ የተገዙት መሣሪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው። የቀረው ክብደት ሲሚንቶ በቆርቆሮ ጣሳ ተሞልቶ በብረት ዘንግ ግራና ቀኝ የተተከለ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። በየጣሳው ላይ ኪሎው በቀይ ቀለም ተጽፏል። ክብደት የሚያነሣው ሰው አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሱማልኛ ይቆጥራል። በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ደግሞ «አን፣ ዶ፣ ትሯ» እያሉ በፈረንሳይኛ ይቆጥራሉ። እኒህን ሰው ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጋሼ የዕለቱን ሥራቸውን በጠመኔ በግድግዳው ላይ ይጽፋሉ።

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከጠመኔ ጋር የምውል ሰው ነኝና ለጂሙ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። በስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫንሁ። ሥራውም እንዲህ ነው፦ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ የስፖርቱን ዓይነት፣ ኪሎውንና ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ ስነግረው በጽሑፍ ይመዘግባል፤ የዕረፍት ደቂቃ ይቆጥራል፤ በሳምንቱ መጨረሻም ሁሉን ደምሮ ያሳየኛል። በላብ የራሰ ጣት የስልክን ገጽ በደንብ እንደማይታዘዘው የሞከረ ሰው ያውቀዋል። በየዙሩ ደብተር ገልጦ መጻፍም ያሰለቻል። ስለዚህ ነገሩ መልካም ሆኖ አገኘሁት። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አለማወቁ ነው።

ሰው ቁጥር ሲናገር መሣሪያ ሰምቶ እንዲለይ የማድረጉ ምኞት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ «ኦድሪ» የተባለ መሣሪያ ተሠርቶ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ሰምቶ ይለይ ነበር። ዳሩ ግን በደንብ የሚሰማው የለመደውን ሰው ድምፅ ነበር። የዛሬው ስልክ የሚሊዮኖችን ድምፅ ይሰማል፤ አሠራሩም ድምፃችንን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ አስቀድሞ ከተማረው የብዙ ሰው ንግግር ጋር እያስተያየ፣ «ይህን ያለ ይመስለኛል» ብሎ መገመት ነው። ግምት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንድ ጠዋት በአግዳሚው ላይ ተንጋልዬ 30 ኪሎ 13 ጊዜ አነሣሁና እያለከለክሁ «ሰርቲን» አልሁ። ስልኩ «ሰርቲ» ብሎ ሰማኝ፤ 13 የነበረው 30 ሆኖ ተጻፈ። በእውነት ያነሣሁት ተደምሮ 390 ኪሎ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን 900 ነው። ወዲያውም በስልኩ ገጽ ላይ የወርቅ ዋንጫ ብቅ አለና «አዲስ ክብረ ወሰን!» ብሎ አሞገሰኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ስህተቱን ማረም የአንዲት ሴኮንድ ሥራ ነበር። አላረምሁትም። በመጀመሪያ «ኋላ አርመዋለሁ» አልሁ፤ ማታ ዋንጫውን እንደ ገና አየሁትና ደስ አለኝ፤ በማግሥቱ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳየሁት። ከዚያ ወዲያ ማረሙ ውርደት መሰለኝ። እየቆየሁም አንድ የሚያሳፍር ነገር አስተዋልሁ። ስልኩ ቁጥሬን ሲቀንስብኝ ወዲያው ተቆጥቼ አርማለሁ፤ ሲጨምርልኝ ግን ዝም እላለሁ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የፈተና ወረቀት መለስሁ። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ አንድ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ቲቸር፣ ድምሩ ተሳስቷል» አለኝ።

ነጥብ የጎደለበት መስሎኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ስደምረው 63 የሚገባውን 73 ሰጥቼዋለሁ። አሥር ነጥብ ለዚያ ልጅ ቀላል ነገር አልነበረም። ወረቀቱን አርሜ መለስሁለት፤ በማግሥቱም በክፍሉ ፊት አቆምሁትና ስለ ታማኝነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ስናገር ያ የሐሰት ዋንጫ በኪሴ ውስጥ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ አንገት መድፋት የሚገባኝ ግን እኔ ነበርሁ።

ይህም ሆኖ አልተመለስሁም። አፑ የተጻፈለትን እውነት አድርጎ ስለሚወስድ፣ «በርትተሃልና በሚቀጥለው ሳምንት 40 ኪሎ ሞክር» ሲል መከረኝ። ምክሩ የተሰጠው 30 ኪሎ 30 ጊዜ ለሚያነሣ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ግን እኔ አልነበርሁም። 40 ኪሎውን ጭኜ አራተኛው ላይ ስደርስ በቀኝ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክር ሲበጠስ ተሰማኝ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ዘንጉን ከደረቴ ላይ ባያነሡልኝ ኖሮ ነገሩ ከዚህም ይከፋ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ክንዴን ከትከሻዬ በላይ ማንሣት አቃተኝ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ መጻፍ የቻልሁት በታችኛው ግማሽ ብቻ ነበር። ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ለማየት ከወንበራቸው ብድግ ብድግ ሲሉ፣ ምክንያቱን ለመናገር አፍ አልነበረኝም።

ከሕመሜ ስድን ወደ ጂሙ ተመለስሁ። ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ግድግዳው ላይ 8 ጻፉ። ጥቂት ቆም ብለው አሰቡና በመዳፋቸው አጥፍተው 7 አደረጉት።

«ጋሼ፣ ስምንት ሲቆጥሩ እኮ ሰምቻለሁ» አልኋቸው።

«የመጨረሻዋን እስከ ላይ አላደረስኳትም» አሉ።

«ታዲያ ማን ያውቅብዎታል?»

«አቦ፣ ነገ የማነሣው እኔው ነኝ እንጂ ግድግዳው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጬ የስልኬን መዝገብ ከመጀመሪያው ጀምሮ አየሁ። የማስታውሰውን አረምሁ፤ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ሰረዝሁ። ዋንጫው ጠፋ። የቀረው መዝገብ አጭርና ትሑት ነበር፤ ነገር ግን የእኔ ነበር።

ከዚያም በራሴ ቋንቋ ለመናገር ወሰንሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎቹ መካከል አማርኛን አስገብቷል። የአገራችን ሊቃውንት ግን ነገሩን ቀደም ብለው ጀምረውታል። ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት፣ መሣሪያ አማርኛን ማድመጥ ይማርበት ዘንድ የመቶ ሰዎችን ንባብ፣ ወደ 20 ሰዓት የሚሆን ድምፅ ሰብስበው ነበር። ዛሬም ሞዚላ ባቋቋመው «ኮመን ቮይስ» በተባለው የድምፅ ማኅደር ማንም ሰው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ድምፁን ማበርከት ይችላል፤ የተነበበውም ትክክል መሆኑን ሌሎች ሰዎች አድምጠው ይመሰክራሉ። ስልክ የሚሰማው የሰጡትን ድምፅ ነውና፣ የድሬዳዋ ሰው አማርኛም እንዲሰማ የድሬዳዋ ሰው መናገር አለበት።

አሁን አንዱን በአማርኛ የሚጽፍ የድምፅ መጻፊያ ከፍቼ ሥራዬን በማስታወሻ ላይ እመዘግባለሁ። እርሱም አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ሳለከልክ የቃሉ መጨረሻ ስለሚዋጥብኝ «ሰባት» ያልሁትን «ሰባ» ብሎ የጻፈበት ቀን አለ። ስለዚህ ሁለት ደንብ አበጅቻለሁ። አንደኛው፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ቁጥር አልናገርም። ሁለተኛው፣ የተጻፈውን ሳላይ ወደሚቀጥለው ዙር አላልፍም።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ሰዓቱን የያዙለት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ዓለምም ያንን ቁጥር አምኖ ተቀብሎታል። በግል ስልካችን ላይ ግን ሯጩም፣ ዳኛውም፣ ጸሐፊውም እኛው ነን። የቢሮ ሠራተኛው በሪፖርቱ፣ ተማሪውም በደብተሩ ያለበት ፈተና ይኸው ይመስለኛል። ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ከጣታችን ድካም ያሳርፈናል፤ ያላነሣነውን ክብደት ግን ሊያነሣልን አይችልም።

ትናንት ጠዋት እንደ ገና 30 ኪሎ አነሣሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ስልኩ 11 ብሎ ጻፈ። ዋንጫ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ግን በጥቁር ሰሌዳው የላይኛው ጫፍ ላይ ቀኑን ጻፍሁ፤ ከኋላ ወንበር ማንም ብድግ አላለም።