ዘይት መቀየር፦ ጎረቤላና ቨርጂኒያ

ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ዘይት የምንቀይረው ጋራዡ መስታወት ጥግ ላይ የለጠፈልንን ወረቀት አይተን ነው። አገር ቤት ያለው የጎረቤላ ሾፌር ግን ጠዋት ኮፈን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያውን ስቦ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ መልሶ ከትቶ ያያል። በዚህ ይበልጠናል፤ በተለይ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ ለያዝን ሰዎች።

ፕሪየስን የመሰለች መኪና በባትሪ የሄደችውም ኪሎ ሜትር ይቆጠርባታል። «ሞተሩ ብዙ ስለማይሠራ ዘይቱ ይቆያል» የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ወገናችን ልክ ነው፤ ሞተሩ እንደሞቀ ይውላል፣ ቶዮታ የሚፈቅደውን 16,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ ብቻ የምትሄደዋ መኪና ግን ሌላ ናት። በበረዶው ወራት ሞተሯ ይነሣል፣ በደንብ ሳይሞቅ መልሶ ይጠፋል። ውስጡ የተጠራቀመው ውሃና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተንኖ ስለማይወጣ ዘይቱን ያበላሸዋል። የዘይት መክደኛው ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ያ ውሃ ነው። ትንሽ የሚነዳ ሰው ቶሎ መቀየር አለበት ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ።

ጎረቤላ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ አለ፣ አቧራው አለ፣ ዳገቱ አለ። ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ የሃይብሪድ ባትሪ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ማርሹን «ቢ» ላይ ካደረጋችሁት ሞተሩ ቤንዚን ሳያቃጥል እየዞረ መኪናዋን ይይዛታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ መልቀቅ፣ አገር ቤት የተለመደው፣ ባትሪውንም አይሞላም፣ ፍሬኑንም ይጨርሳል። ሽቅብ ሲመለሱ ሞተሩ ያለ እረፍት ይሠራል፤ ያኔ ዘይቱ ይፈተናል።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ፦ ለሁሉም ሞተር ወፍራም ዘይት መሙላት። ለአሮጌ መኪና ይሁን። ቶዮታ ለቅርብ ጊዜዎቹ ፕሪየሶች ያዘዘው ግን እንደ 0ደብሊው-20 ያለ ቀጭን ዘይት ነው፤ በየደቂቃው ለሚነሣና ለሚጠፋ ሞተር ቶሎ የሚደርስ ዘይት ያስፈልጋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ፣ አገር ቤት ያለችው ሃይብሪድ ብዙ መቆየት አለባት። እንደ ጎረቤላ አቧራ ባለበት መንገድ ለምትሄድ መኪና ቶዮታ ራሱ የሚመክረው 8,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው። ለዘመዶቻችሁ መኪና ዕቃ ስትልኩ የዘይት ፊልትሮም ጨምሩበት።