አይዞሽ ደራርቱ!

በእኛ ቤት ሩጫ የሚታይና የሚወራ እንጂ የሚሮጥ ነገር አልነበረም። አባቴ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድል ሲተርክ፣ «ማርሽ ቀያሪው» በመጨረሻው ዙር የሚያፈተልክበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር፤ ከዚያ ያለፈ የሰውነት እንቅስቃሴ ሲያደርግ ግን አይቼው አላውቅም። ሱቅ ተልኬ ስሮጥ ካየኝም «ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ?» ባይ እሱ ነው። በካዛንቺስ፣ ዛሬ ፈርሶ ባለቀው ሰፈራችን፣ የሚሮጥ ሰው ከታየ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ አባራሪ ነው፣ ወይ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው።

ነሐሴ 1984 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በገባበት ዕለት ማታ፣ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸነፈች። ዜናውን በራዲዮ ሰማን፤ ምስሉን ግን ያየነው ከቀናት በኋላ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው። የበቆጂዋ ልጅ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር። መስመሩን ካለፈች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት፣ ኤላና ሜየርን፣ ቆማ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደገና ሜዳውን መዞር ጀመሩ። እናቴ ግራ ገባት። «አላለቀም እንዴ? አሁን ደግሞ ለምን ይሮጣሉ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ሰው ያለ ማሸነፍና ያለ መሸነፍ ሊሮጥ ይችላል የሚለው ሐሳብ በቤታችን የተነሳው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ የተነሳውም በጥያቄ መልክ ነው። የሰፈር ሴቶች ልጆች ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ውስጥ ደራርቱ ደራርቱ ስንጫወት ከረምን። እኔ ቀይ ስለሆንኩ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ የሜየር ቦታ ነው። ይቆጨኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሩጫን ከቅጣት ለይቼ ሳላውቀው ነው የጨረስኩት። ያረፈደ ሜዳውን ይዞራል፤ የረበሸ ይዞራል። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግማሻችን ሆዳችንን እንታመም ነበር።

መስከረም 1993 ዓ.ም. ላይ ሥራ ይዤ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሒሳብ የምመዘግብ ሰው ሆኛለሁ። ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀደመው፤ 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሮጠው የተለያዩት በዚያች ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ደራርቱ፣ ልጅ ወልዳ የተመለሰችው ደራርቱ፣ በርቀቷ ዳግመኛ ወርቅ ወሰደች። ከተማው ሰከረ። ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ ቱታ ለብሶ የሚወጣው ሰው በረከተ።

በዚያው ሰሞን ነው ሲስተር በራችንን ያንኳኩት። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሐኪሙ እንቅስቃሴ አዝዞላቸዋል። «ብቻዬን በጨለማ አልወጣም። ጅቡ ቢምረኝ ውሻው አይምረኝም። ይቺን ልጅ አውሱኝ» አሏት እናቴን። እናቴም እንደ ወንፊት አዋሰችኝ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ሲስተር በቱታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ በነጠላው ላይ በሥራ ዘመናቸው ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሏት የነበረችውን ሰዓት ሰክተው ይጠብቁኛል። ቁልቁል በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር አድርገን መስቀል አደባባይ እንወርዳለን። ከእስጢፋኖስ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። የአደባባዩ ደረጃ ላይ በዚያ ሰዓት የሚሮጠው ሰው ብዛቱ አስደንግጦኝ ነበር፤ አትሌት ለመሆን ከገጠር የመጡ ቀጫጭን ልጆች ከታችኛው እርከን ጀምረው አንዱን ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጡና ወደሚቀጥለው ይወጣሉ፤ እንዲህ እያሉ እስከ ላይ። ከእነሱ በታች እኛ፦ ሸምገል ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ቦርጭ ያስቸገራቸው ነጋዴዎች፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው እናቶች። ሁለቱ ወገኖች አይነካኩም፤ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

አዲስ ገቢ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ተፈተለክሁ። ሁለተኛው እርከን ላይ ስደርስ ጎኔን ውጋት ቀስፎ ያዘኝ። ሲስተር በሶምሶማ እየመጡ አጠገቤ ሲደርሱ አልቆሙም። «አውሪኝ» አሉ።

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ወሬሽ ከተቆራረጠ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫችን በወሬ ተለካ። የጤፍ ዋጋ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ ዕድሩ ውስጥ የተነሳው ጠብ፣ በእሳቸው የነርስነት ዘመን የነበሩ ጉዶች። የካዛንቺስን ምሥጢር ያወቅሁት በሶምሶማ ነው። ኋላ ብዙ ዘመናዊ የእጅ ሰዓት ያሰሩ ሰዎች ስለ ልብ ምት ሲያስረዱኝ ሰምቻለሁ፤ ከሲስተር «አውሪኝ» የበለጠ ነገር የነገረኝ የለም። ረጅም ርቀት ለጤና የሚሮጥ ሰው አብዛኛውን ሩጫውን ማውራት በሚያስችለው ፍጥነት ነው መሮጥ ያለበት። ሰው አይሰማም እንጂ። ሀገሩ የኃይሌ ሀገር ስለሆነ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ማርሽ መቀየር ያምረዋል።

ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ የእጄን አንጓ ይዤ እንድቆጥርም ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። «አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥረሽ በአራት አባዢው።» መጀመሪያ ከ80 በላይ ነበር። ዓመት ሳይሞላ 60ዎቹ ውስጥ ገባ። ነገሩን ያስረዱኝ እርከኑን እየዞርን ነው። መጀመሪያ የሚለወጠው ደሙ ነው፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈሳሹ ክፍል ይበረክታል። ልብ ብዙ ደም ሲመጣላት ትለጠጣለች፤ በአንድ ምት የምትረጨውም ይጨምራል፤ ስለዚህ ለዚያው ሥራ ጥቂት ጊዜ መምታት ይበቃታል። ቀጥሎ በጡንቻ ውስጥ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ይበዛሉ፤ በሕዋሶቹ ውስጥ ኦክስጅንን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎችም ይበዛሉ። «ይኼ ሁሉ በመስታወት አይታይም» ይሉኝ ነበር፣ በዚያ ሰሞን መስታወት ማዘውተሬን አይተው።

የእሳቸውን ግፊት በተመለከተ ሲስተር ነርስ ነበሩና ራሳቸውን አላታለሉም። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ የእሳቸውም ዝቅ አለ። ኪኒናውን ግን አላቋረጡም። «ስፖርት ጀመርኩ» ብለው መድኃኒታቸውን የጣሉ አንድ የአደባባዩ ወዳጃችንን የተቆጧቸው ቁጣ እስከ እስጢፋኖስ ሳይሰማ አልቀረም።

አንድ ዓመት ለገና የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጣ። እዚያ ከሥራ በኋላ በየጊዜው የሚሮጥ፣ ቀለል ያለ ልጅ ነው። በማግስቱ «እኔም ልምጣ» አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ከየትም አያንስም፤ የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ልጁ ሦስተኛው እርከን ላይ ቁጭ አለ። ሲስተር እየዞሩ ባጠገቡ ባለፉ ቁጥር «አይዞህ፣ ኩላሊትህ ሰምቷል» ይሉታል። ቀልድ መስሎት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ኦክስጅን ማነሱን የሚያውቀው ኩላሊት ነው፤ እሱ ኢሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጭና መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲጨምር ያዛል። ያ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የአጎቴ ልጅ ሊሻለው ሲል ፈቃዱ አለቀና ሄደ።

ሕመሙን የተማርኩት እንጦጦ ላይ ነው። ከአደባባዩ ልጆች ጋር በታክሲ ወጥተን፣ ከ3,000 ሜትር ከፍ ካለው የባሕር ዛፍ ጫካ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል በሶምሶማ ወረድን። ምንም አልደከመኝም፤ በረርኩ። በማግስቱ ጭኔ መደንዘዝ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ከቢሮ ደረጃ የምወርደው እንደ አሮጊት ወደ ኋላ ዞሬ፣ መደገፊያውን ይዤ ሆነ። ሁሉም «ላክቲክ አሲድ ነው» አለኝ፤ ያኔም ዛሬም እንደዚያ ይባላል። ሲስተር ሳቁብኝ። ያ አሲድ የተባለው ነገር ሩጫው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከደም ይጠፋል፤ ሁለት ቀን የሚቆየው ሌላ ነው። ቁልቁለት ላይ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ያ ነው በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት የሚያደርሰው። ደግነቱ ጡንቻ አይረሳም፤ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ቁልቁለት ስወርድ ሕመሙ የበፊቱን ሩብ እንኳ አልሆነም።

አጥንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትንፋሼ ሲስተካከል፣ ልቤ «ሩጪ» ሲለኝ፣ የእግሬ አገዳ መጠዝጠዝ ጀመረ። ልብና ደም በሳምንታት ሲለመልሙ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ብዙ ሰው የሚሰበረው በዚያ ክፍተት ነው። ሲስተር መሮጥ ከለከሉኝ። መራመድ ብቻ። ከዚያ ጫማዬን አነሱና ሶሉን አጎበጡት፤ እንደ ጨርቅ ታጠፈላቸው። መርካቶ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ነበር። ይኼን ስንነጋገር ሁልጊዜ አንድ ሰው ከኋላ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ!» ይላል። አዎ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሮጠ። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ሮጠ፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። የቶኪዮውን የሚያነሳ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ትልቁ ችግር የመጣው ከቤት ነው። ፊቴ ከሳ። በሚዛን ብዙም አልቀነስኩም፤ ለነገሩ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው 600 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ያንን ደግሞ አንድ ሳህን ጨጨብሳ በቅቤና በማር አድርጎ ሳይጨርስ ይመልሰዋል። ፊት ግን ቀድሞ ያሳብቃል። በኛ ሀገር «ከሳሽ» ሙገሳ አይደለም። ጎረቤቶች «አሟት ነው?» ብለው እናቴን በሹክሹክታ መጠየቅ ጀመሩ፤ በዚያ ዘመን የወጣት ሴት መክሳት ሌላ ሐሜትም ይዞ ይመጣ ነበር፤ የስንቱን ቤት ያፈረሰ ሐሜት። እናቴ አጥሚት ማፍላት ጀመረች። ጠዋት አጥሚት፣ ማታ አጥሚት። በመጨረሻ ሲስተርን ጠርታ «ልጄን እንዳዋስኩዎ ይመልሱልኝ» አለቻቸው። ሲስተር ቡና ጠጡ፤ አቦሉንም ቶናውንም። ሦስተኛው ላይ የግፊት መለኪያቸውን ከቦርሳቸው አወጡና የእናቴን ክንድ ጠቀለሉ። የወጣውን ቁጥር ዛሬም አልነግራችሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ቁልቁል በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር የምንወርደው ሦስት ሆንን፤ እናቴ በጉርድ ቀሚሷ፣ በሸራ ጫማዋ።

የመንገድ ልጆች ያውቁን ነበር። ሴት ስትሮጥ ባዩ ቁጥር የሚጮኹት አንድ ነገር ነው፦ «አይዞሽ ደራርቱ!» መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ ኋላ ሳይሉኝ ሲቀሩ ይከፋኝ ጀመር። እናቴን «የደራርቱ እናት» ነበር የሚሏት። ሲስተርን ግን፣ ነጭ ፀጉራቸውን እያዩ፣ «ሻምበል!» ይሏቸዋል። ሲስተርም የወታደር ሰላምታ ይሰጣሉ።

ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ ሦስታችንም ካናቴራችንን ለብሰን ከኋላ ቆመናል። 10,000 ሰው ነው የተባለው። ከፊት አትሌቶቹ እንደሄዱ ተነገረን እንጂ አላየናቸውም። ከኋላ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ጡሩምባ፣ ጭፈራ፣ እስክስታ፣ ሕፃን አዝሎ የሚራመድ አባት፣ በየበረንዳው ውሃ የሚረጩ ሰዎች። እናቴ ከግማሽ መንገድ በኋላ ዘፈን አወጣች። የማይተዋወቅ ሰው ተቀበላት። በባርሴሎናው ቴሌቪዥን ፊት የጠየቀችውን ጥያቄ ያስታወሰች አይመስለኝም፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ከጨረስን በኋላ አንዲት ፉል ቤት ተጨናንቀን ገባን። ጾም ገብቶ ስለነበር ፉሉ በዘይት ነው፤ ቃሪያና ሽንኩርቱ ተከምሮበታል። ሦስታችንም ላብ በላብ፣ ፊታችን ላይ ጨው ደርቆ፣ እንደ ቀን ሠራተኛ እንጎርሳለን። ሲስተር ቀና አሉና አሳላፊውን ጠየቁት።

«ለመሆኑ ማን አሸነፈ?»

«ኃይሌ ነዋ!»

«እሱማ ሥራው ነው» አሉ፣ ዳቦአቸውን እየቆረሱ። «ለእኛ አንድ ፉል ጨምርልን።»