«ይኼ ለማን ነው?»

የግጥም መጽሐፍ ያሳተመ ሰው የሚያውቀው አንድ ክምር አለ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን አናት የሚያድር። የእኔ አንድ ሺህ ቅጂ ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ ዕዳም አብሮት ያድር ነበር። አንባቢ ፍለጋ ስንከራተት ካገኘኋቸው መካሪዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጻሕፍት በክንዱ ደርድሮ የሚዞር አንድ ወጣት አዟሪ ነው። (ስለ ሽያጭ ጥበብ የተተረጎሙ መጻሕፍትንም የገዛሁት ከእርሱው ነው፤ የእርሱን ያህል ግን አላስተማሩኝም።)

ርዕስ እየጠራ አይጮኽም። በመጀመሪያ ሰውን ያያል። ታክሲ ለሚጠብቅ ቀጭን መጽሐፍ፣ ቡና ይዞ ብቻውን ለተቀመጠ ወፍራም ልብ ወለድ ይመዝዛል። የእኔን አገላብጦ «ጋሼ፣ ይኼ ለማን ነው?» አለኝ።

«ግጥም ለሚወድ ሁሉ» አልሁት።

ሳቀ። «ለራሱ ግጥም የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ለሰው ሊሰጥ የሚገዛ ይበዛል። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለፍቅረኛ።»

ይህን የነጋዴ ወሬ ብሎ የሚንቅ ጸሐፊ አይጠፋም። እኔ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስባለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ያ ግዙፍ መጽሐፍ ፊደል ላልቆጠሩት ሳይቀር የደረሰው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው ነው። አያቴ አንዲት ገጽ ማንበብ ሳይችሉ ለሰብለ ወንጌል እንደ ጎረቤት ልጅ ያዝኑላት ነበር። ለእርሳቸው ተብሎ ሌላ ድርሰት አልተጻፈም፤ የተለወጠው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ክምሩ በወጣቱ እጅ ጎድሎ ሁለተኛ እትም ሳስብ ግን ጭንቁ መጣ። «የመጀመሪያውን ግጥም ወደ ኋላ ይውሰዱት» አለኝ። «ስጦታ ገዢ ፊተኛውን ገጽ ይገልጣል፣ ልቅሶ ያገኛል፣ ይመልስልኛል።»

ልቅሶው የወንድሜ ነው። መጽሐፉ የታተመው ለዚያ ግጥም ሲባል ነው፤ ሌሎቹ አጃቢዎች ናቸው። ወጣቱም አልዋሸም፤ ሲመለስበት በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ሳምንት ሙሉ አሰብሁበት።

ግጥሙን ከቦታው አላነሣሁትም። ከፊቱ አንድ ባዶ ቅጠል አስገባሁ፤ ሰጪው ለተቀባዩ የሚጽፍበት። ማተሚያ ቤቱ «ተረስቶ ነው ወይስ ታስቦ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

አዲሱን እትም ለወጣቱ ሳስረክበው ባዶውን ገጽ በመዳፉ ዳበሰው። ቀጥሎ ያለውን ገለጠ፤ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ። ምንም አላለኝም። ሃያ ቅጂ ቆጥሮ ከክንዱ ላይ ደረደረና ወደ ታክሲ ጠባቂዎቹ ሄደ።