ለቲማቲም ባላ

በደብረ ማርቆስ ባላ የሚታወቀው ለዳስና ለአጥር ነው። ስለዚህ ቲማቲም በባላ ሲደገፍ ያየ ጎረቤት ቢስቅ አይፈረድበትም። እናቴ ግን በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነገሩን ስነግራት አልሳቀችም፤ የአጣናውን ዋጋ አስልታ ተሟገተችኝ እንጂ። አጣና ገንዘብ ነውና ሙግቷ ቀላል አልነበረም።

ባላ የሚያሻው ፍሬው ስለሚከብድ ብቻ ይመስለናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው አገራችን ግን ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ መሬት ላይ የተኛ ቲማቲም ጭቃ ይረጨዋል፤ ነፋስ ስለማያገኘውም ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውላል፣ ያድራል። ያን ጊዜ ድንቹን የሚያጠቁረው በሽታ ይገባበታል። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 የአየርላንድን ድንች መፍጀት የጀመረው ያው በሽታ ነው፤ ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸውና አንዱ ለሌላው ያስተላልፋል።

ለቤት የማይሆነውን ጎባጣ አጣና መርጠን (የእናቴን ሙግት ግማሹን ያስቀረው ይህ ነው) በሁለት ባላ ላይ አንድ አግዳሚ አጋደምን፤ ከየችግኙ ሥር እስከ አግዳሚውም ቃጫ ወጠርን። ግንዱ የሚታሰርበት ቃጫ እንደ 8 ቁጥር ተጠምዝዞ ላላ ይበል፤ ከጠበቀ ግንዱ ሲወፍር ይታነቃል። በቅጠሉ ብብት የሚወጣውን ቀንበጥ መቀንጠስ፣ አፈር የሚነካውንም ቅጠል ማንሣት ነው። ሮማ የሚባለው አጭር ዘር ይህን ያህል ድካም አይፈልግም።

ባላ መድኃኒት አይደለም። ከ12 እግር አራቱ ጠቁረው ነቅለን ጣልናቸው፤ የቀሩት ለፍልሰታ ፍትፍት ደረሱ። ከእንጅባራ የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ የእናንተ ዝናብ ከኛም ይብሳልና፣ በምን እንደምትይዙት ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።